አንቲቦዲ እንደ መለኪያ መሣሪያ፤ ከፅንስ እድገት እስከ ጡት ካንሰር

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ዝንብ ፅንስና ስለ ጡት ካንሰር መናገር ከአንዳንድ አድማጮች ዘንድ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ የዚህ ንግግር ርእስ በመሠረቱ ሕክምናም ሥነ ሕይወትም አይደለም፤ መለኪያ ነው። በትንሽ ብልቃጥ እየታሸገ የሚሸጥ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በማይክሮሊትር እየተመጠነ የሚንጠባጠብ አንድ መለኪያ በዓለም የሥነ ሕይወት ላቦራቶሪዎች ሁሉ ይገኛል፤ ስሙ አንቲቦዲ ይባላል። የግፊት መለኪያ ወይም ቮልትሜትር የሚገዛ መሐንዲስ አስቀድሞ የካሊብሬሽን ሰነዱን ይጠይቃል፤ መሣሪያውም በየጊዜው ከታወቀ መጠን ጋር እየተመሳከረ እንዲፈተሽ ያደርጋል። አንቲቦዲ ግን ለብዙ ዓመታት፣ በብዙ ቦታዎችም፣ ከብልቃጡ ላይ በተለጠፈው ስም ብቻ ታምኖ ሲሠራበት ኖሯል። ከዚህ መሣሪያ የተገኘው ጥቅም እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ በእርሱ ምክንያት የደረሰው ጉዳትም እንዲሁ ቀላል አይደለም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።

ከሁሉ በፊት የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በሰው አካል ውስጥ ያሉ ሕዋሳት፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የዘር መዝገብ ይዘዋል። የጉበት ሕዋስ ከዓይን ሕዋስ የሚለየው በያዘው መዝገብ ሳይሆን፣ ከመዝገቡ ውስጥ በሚያነበው ገጽ ነው። 20,000 ያህል ከሚሆኑት የሰው ዘረ መሎች መካከል የትኛው ይነበብ፣ የትኛውስ ተዘግቶ ይቆይ የሚለውን የሚወስኑት ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር እየተጣበቁ ንባቡን የሚያስጀምሩ ወይም የሚያግዱ ፕሮቲኖች ናቸው። በሳይንሱ ቋንቋ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይባላሉ፤ ለዚህ ንግግር ግን አዛዥ ፕሮቲኖች ብሎ መጥራቱ ይበቃል። በ2018 የታተመ አንድ ዝርዝር በሰው ውስጥ ያሉትን 1,600 ያህል አድርጎ ቆጥሯቸዋል። እነዚህ ፕሮቲኖች በፅንሱ ውስጥ እጅ የት፣ እግር የት እንደሚወጣ ይወስናሉ፤ በጎልማሳ አካል ውስጥ ሥራቸው ሲዛባ ደግሞ ካንሰርን ከሚያስከትሉት ምክንያቶች አንዱ ይሆናሉ። መጠናቸው ግን እንደ ሥልጣናቸው አይደለም፤ ሕዋሱን ከሚገነቡት ፕሮቲኖች ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ጥቂት ናቸው። በብዙ ሺህ ዓይነት ፕሮቲኖች መካከል እነርሱን ለይቶ ማየት የሚቻለው ለይቶ የሚይዝ ነገር ሲገኝ ብቻ ነው።

ይህን ለይቶ የመያዝ ችሎታ ተፈጥሮ አስቀድማ አዘጋጅታዋለች። አንቲቦዲ፣ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው፣ ሰውም ሆነ እንስሳ ከውጭ የገባበትን ባዕድ ነገር ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ቅርጹ እንደ ባላ ሲሆን፣ ርዝመቱ 10 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የባላው ሁለት ጫፎች አንድን የተወሰነ ቅርጽ መርጠው የሚይዙ ናቸው። ተመራማሪው ሊያየው የሚፈልገውን ፕሮቲን ወይም የፕሮቲኑን ቁራጭ በጥንቸል ላይ ይወጋል፤ ጥንቸሏም ባዕድ መስሏት አንቲቦዲ ታዘጋጅለታለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንቲቦዲው ከደሟ ይወሰድና በስሱ በተቆረጠ ሥጋ ወይም በሙሉ ፅንስ ላይ ይፈስሳል። የሚፈልገውን ካገኘ ይጣበቃል፤ ካላገኘ ታጥቦ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የተጣበቀው አንቲቦዲ ራሱ በዓይን ስለማይታይ፣ እርሱን የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመርበታል፤ ይኸኛው ቡናማ ቀለም የሚያወጣ ኢንዛይም ወይም ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ ቅመም ተሸክሞ ይመጣል።

እንግዲህ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቀለም የፕሮቲኑ ቀለም አይደለም። በፕሮቲኑና በተመልካቹ ዓይን መካከል ቢያንስ ሁለት መገጣጠሚያዎች አሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ቢላላ፣ ወይም ከማይመለከተው ነገር ጋር ቢገጥም፣ ቀለሙ ሐሰት ይናገራል። ሐሰተኛውም ቀለም ከእውነተኛው የሚለይበት የራሱ መልክ የለውም፤ ያው ቡናማ ነው።

ከጥንቸል ደም የሚገኘው አንቲቦዲ አንድ ዓይነት ሳይሆን የብዙ ዓይነቶች ድብልቅ ነው። ሌላ ጥንቸል ብትወጋ የሚገኘው ድብልቅ ከመጀመሪያው የተለየ ይሆናል፤ የመጀመሪያዋ ጥንቸል ስትሞት ደግሞ መሣሪያው አብሮ ያልቃል። ይህን ችግር በ1975 በካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን ፈቱት። አንቲቦዲ የሚያመርት ሕዋስ ከአይጥ ጣፊያ ወስደው፣ መባዛቱን ከማያቆም የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። ድቅሉ ሕዋስ ከአንዱ ወላጁ አንቲቦዲ ማምረትን፣ ከሌላው ያለ ገደብ መባዛትን ወረሰ። ከአንድ እንዲህ ያለ ሕዋስ የተራባ ዘር ሁሉ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ስለሚያመርት፣ ውጤቱ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ተባለ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ከኒልስ የርነ ጋር በ1984 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። አንድ ዓይነት መሆን ትክክል መሆን አይደለም፤ ሁልጊዜ በሦስት ዲግሪ የሚሳሳት ቴርሞሜትርም ራሱን በሚገባ ይደግማል።

መሣሪያው በትክክል ሲሠራ ምን ሊያሳይ እንደሚችል ከሁሉ ይበልጥ የሚመሰክረው የድሮሶፊላ ታሪክ ነው። ድሮሶፊላ በበሰለ ሙዝና በጠላ ጋን አፍ ዙሪያ የምታንዣብበው ትንሽ ዝንብ ናት። እንቁላሏ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ከዚህ እንቁላል ውስጥ ፊቱና ኋላው የተለየ፣ አካሉ በየክፍሉ የተመደበ ትል በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ይፈለፈላል። የትኛው ጫፍ ጭንቅላት፣ የትኛው ጅራት እንደሚሆን ለፅንሱ የሚነግረው ማነው? ክሪስቲያኔ ኑስላይን ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ በ1980 ባወጡት ጽሑፍ፣ የአካሉን አከፋፈል የሚያዛቡ የዘረ መል ጉድለቶችን መርምረው አቅርበው ነበር፤ ይህም ሥራ በ1995 ከኤድዋርድ ሉዊስ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ነገር ግን ዘረ መሉ ሲጎድል የሚደርሰውን ማወቅ፣ ፕሮቲኑ የት ሆኖ እንደሚሠራ ማወቅ አይደለም። አንድ ምሰሶ ሲነቀል ቤቱ መውደቁ የምሰሶውን አስፈላጊነት ያስረዳል እንጂ ሸክሙ እንዴት እንደሚተላለፍ አያሳይም።

በ1985 ሾን ካሮልና ማቲው ስኮት ፉሺ ታራዙ ለተባለው አዛዥ ፕሮቲን አንቲቦዲ አዘጋጁ፤ ስሙ ጃፓንኛ ሲሆን ክፍልፋይ የጎደለው እንደ ማለት ነው። ፅንሱን በዚህ አንቲቦዲ ባቀለሙት ጊዜ፣ ለዓይን ምንም ዓይነት ክፍፍል ገና በማይታይበት ደረጃ ላይ፣ ሰባት መቀነቶች ፅንሱን ዙሪያውን ታጥቀውት ታዩ። ወደፊት የሚሠራው ቤት መሠረቱ ሳይቆፈር ችካሉ ተተክሎ፣ ሲባጎው ተወጥሮ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ቮልፍጋንግ ድሪፈርና ኑስላይን ፎልሃርድ በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ ቢኮይድ የተባለውን ፕሮቲን በአንቲቦዲ አዩት። የቢኮይድን መልእክት እናቲቱ ዝንብ በእንቁላሉ የፊት ጫፍ ላይ አስቀምጣው ትሄዳለች፤ ፕሮቲኑ ከዚያ እየተሠራ ወደ ኋላ ይሠራጫል። አንቲቦዲው ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ቀለሙ ከፊት ጫፍ ጠቁሮ ይጀምርና ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየሳሳ ይጠፋል። የእናቲቱን የቢኮይድ ዘረ መል ቁጥር ሲጨምሩ የቀለሙ ቁልቁለት ወደ ኋላ ተገፋ፤ የጭንቅላቱ ወሰንም አብሮት ወደ ኋላ ሄደ። ሲቀንሱት ሁለቱም ወደ ፊት ተመለሱ።

ከአንድ ምንጭ የሚወጣ፣ የሚሠራጭና በመንገድ ላይ እየጠፋ የሚሄድ ነገር እንዲህ ያለ ቁልቁለት መሥራቱ ለመሐንዲስ አዲስ አይደለም። የሚያስደንቀው ፅንሱ ቁልቁለቱን የሚያነብበት ጥራት ነው። በ2007 ቶማስ ግሬጎርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በፅንሱ ወገብ አካባቢ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የሕዋስ አስኳሎች በቢኮይድ መጠን የሚለያዩት በ10 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ያለበትን ቦታ ሳይሳሳት ያነባል። ከፋብሪካ ተገዝተው የሚመጡ መለኪያዎች ሁሉ ይህን ያህል አስተማማኝ ቢሆኑ መልካም ነበር።

በዚህ ሁሉ የዝንብ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ ዕድል ነበራቸው። ዘረ መሉ ጨርሶ የጎደለበትን ፅንስ ማርባት ይችሉ ነበር። አንቲቦዲው በእንዲህ ያለው ፅንስ ላይ ቀለም ካሳየ፣ የያዘው ሌላ ነገር መሆኑ ወዲያውኑ ይታወቃል። ይህም ማለት መለኪያው በዜሮ ላይ ዜሮ ማንበቡን ማረጋገጥ ነው። ከሕመምተኛ አካል በተወሰደ ሥጋ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዜሮ በተፈጥሮ አይገኝም፤ ሰው ሊቃውንት እንደ ፈለጉ ዘረ መሉን የሚያጎድሉበት ዝንብ አይደለም። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል።

በሕክምና ዓለም በአንቲቦዲ አዘውትረው ከሚለኩት አዛዥ ፕሮቲኖች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው የኤስትሮጅን ተቀባይ ነው። ታሪኩ የሚነሣው ከ1896 ነው። በዚያ ዓመት ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው ቀዶ ሐኪም፣ የጡት ካንሰራቸው ሥር የሰደደ ሴቶችን እንቁላል ማፍሪያ በማውጣት እብጠቱ እንዲቀንስ ለማድረግ እንደ ቻለ ጻፈ። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ገና አልታወቀም ነበር፤ ቢትሰን ያየው ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ዘዴው ለአንዳንዶቹ ሕመምተኞች ሲሠራ ለሌሎቹ አይሠራም፤ ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚያውቅ ግን አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ኤልዉድ ጄንሰን በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኤስትሮጅንን በራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ምልክት አድርጎ በእንስሳት ላይ ሲከታተለው፣ እንደ ማሕፀን ያሉ ክፍሎች ሆርሞኑን ይዘው እንደሚያስቀሩ፣ ሌሎቹ ግን እንደሚለቁት አየ። የሚይዘው ፕሮቲን ተቀባይ ተባለ። ይህ ተቀባይ ሆርሞኑን ከያዘ በኋላ ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር እየተጣበቀ ዘረ መሎችን የሚያዝ፣ ማለትም ራሱ አዛዥ ፕሮቲን መሆኑ እያደር ተረጋገጠ።

የጄንሰን ዘዴ ወደ ሕክምና ሲገባ ግን አስቸጋሪ ነበር። የካንሰሩ ሥጋ ከአካል እንደ ወጣ ወዲያው በቅዝቃዜ መያዝ፣ ከዚያም መፈጨትና በራዲዮአክቲቭ ሆርሞን መለካት ነበረበት። በተፈጨው ውስጥ የካንሰሩም የጤናማውም ሕዋስ ተቀላቅሎ ስለሚገባ፣ ቁጥሩ የሁሉም አማካይ ነው። በ1980 ጆፍሪ ግሪን ከጄንሰንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ለሰው ኤስትሮጅን ተቀባይ ሞኖክሎናል አንቲቦዲዎች ማዘጋጀታቸውን አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ተቀባዩን ሳይፈጩ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ በየቦታው እንዳለ ማየት ተቻለ።

የመጀመሪያው ታላቅ ፍሬም አንድ የቆየ ትምህርት ማፍረሱ ነበር። በዚያን ዘመን በየመማሪያ መጽሐፉ ይሰጥ የነበረው ትምህርት፣ ተቀባዩ ሆርሞን እስኪመጣለት ድረስ ከአስኳሉ ውጭ ይቆያል፤ ሆርሞኑን ሲይዝ ብቻ ወደ አስኳሉ ይገባል የሚል ነበር። ትምህርቱ ከተፈጨ ሥጋ የተገኘ ነው፤ ሆርሞን የሌለው ተቀባይ ሥጋው ሲፈጭ በውኃው ክፍል ውስጥ ይገኝ ስለነበር፣ በሕይወት ሳለም ከዚያው ነበረ ተብሎ ተገመተ። በ1984 ኪንግና ግሪን በአንቲቦዲዎቹ ሲመለከቱ ግን፣ ሆርሞን ኖረም አልኖረም ቀለሙ የታየው በአስኳሉ ውስጥ ነበር። ተቀባዩ ከቤቱ አልወጣም፤ ከቤቱ ያወጣው ወፍጮው ነበር። አንድ መሣሪያ የሌላውን መሣሪያ ስሕተት ሊያጋልጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ተቀባዩ በአስኳሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ ሳይሆን በየትኛው የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ላይ እንደሚያርፍ መጠየቅ ተቻለ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሕዋሱ በፎርማልዴሃይድ ሲታከም ፕሮቲኖቹ ካረፉበት ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ይያያዛሉ፤ ዲ.ኤን.ኤ.ው በከፍተኛ የድምፅ ሞገድ ይቆራረጣል፤ አንቲቦዲው ተቀባዩን ሲጎትት ቁራጩ አብሮ ይወጣል፤ ቁራጩም ይነበባል። ጄሰን ካሮል፣ ማይልስ ብራውንና ባልደረቦቻቸው በ2006 እንደ ዘገቡት፣ በአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ሕዋስ ውስጥ ተቀባዩ ያረፈባቸው 3,665 ቦታዎች ሲገኙ፣ ከእነዚህ መካከል በዘረ መል መነሻ አጠገብ ያሉት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ራቅ ካለ ቦታ ሆነው የሚያዙ ናቸው ማለት ነው። አንቲቦዲው የተሳሳተ ፕሮቲን ቢጎትት ደግሞ ይህ ሁሉ ካርታ የሌላ አገር ካርታ ይሆናል።

ወደ ሕመምተኛዋ እንመለስ። ተቀባዩ ያለበት ካንሰር ኤስትሮጅንን እየተመገበ የሚያድግ ስለሆነ፣ የሆርሞኑን ቦታ የሚይዝ ታሞክሲፈን የተባለ እንክብል ይሰጠዋል። በ2011 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመው የብዙ ጥናቶች ድምር ውጤት እንደሚያሳየው፣ ተቀባይ ባለባቸው ሴቶች ላይ ለ5 ዓመት የተወሰደ ታሞክሲፈን በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ውስጥ ከጡት ካንሰር የሚመጣውን ሞት በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ተቀባይ ለሌላቸው ግን አልጠቀመም። ስለዚህ በስላይዱ ላይ ቡናማ ቀለም መታየቱ ወይም አለመታየቱ ሕመምተኛዋ መድኃኒቱን ማግኘቷን ወይም ማጣቷን ይወስናል። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞችና የፓቶሎጂ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያ፣ ከካንሰሩ አስኳሎች ቢያንስ 1 በመቶው ከቀለመ ተቀባይ አለ እንዲባል ደንግጓል። ከመቶ አስኳል አንዱ! እንዲህ ባለ ወሰን ላይ የመሣሪያው ድክመት ሁሉ በአንድ ወገን ይከመራል፤ ደካማ ቀለም «አለ» የሚለውን «የለም» ያደርገዋል።

ሥጋው ደግሞ ወደ ማይክሮስኮፑ የሚደርሰው ብዙ ሥቃይ አይቶ ነው። በፎርማሊን ይደርቃል፤ በፓራፊን ሰም ይያዛል፤ በጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ፎርማሊኑ ፕሮቲኖቹን እርስ በርሳቸው ስለሚያስተሳስራቸው አንቲቦዲው የሚይዘው ቅርጽ ይሸፈናል። በ1991 ሻን ሮንግ ሺና ባልደረቦቹ የተቆረጠውን ሥጋ በማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ በፈሳሽ ቢያፈሉት ቅርጹ መልሶ እንደሚገለጥ አሳዩ፤ ለወጥ ማሞቂያ የተሠራ ዕቃ በዓለም ያሉ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪዎችን አሠራር ለወጠ። ነገር ግን ይህ ማለት ከአንቲቦዲው ሌላ የፎርማሊኑ ቆይታ፣ የሙቀቱ ልክና የማፍላቱ ጊዜ የመለኪያው አካል ሆኑ ማለት ነው።

ይህ ሰንሰለት ሲላላ የሚደርሰውን በካናዳ የኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ክፍለ ሀገር ታሪክ ያስረዳል። በ2005 በሴንት ጆንስ ከተማ የአንዲት ሕመምተኛ ውጤት እንደገና ሲታይ፣ የለም ተብሎ የነበረው ተቀባይ አለ ሆኖ ተገኘ። ጥርጣሬው እየሰፋ ሄዶ ከ1997 እስከ 2005 የተመረመሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ወደ ቶሮንቶ ተልከው እንደገና ሲመረመሩ፣ ከ300 በላይ የሚሆኑት ውጤታቸው ተለወጠ። ከሴቶቹ መካከል በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሞተው ነበር፤ መድኃኒቱን አግኝተው ቢሆን ኖሮ ስንቱ ይተርፉ እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም። ጉዳዩን የመረመረው በዳኛ ማርጋሬት ካሜሮን የሚመራው ኮሚሽን በ2009 ባቀረበው ዘገባ፣ ጥፋቱን በአንድ ሰው ወይም በአንድ መሣሪያ ላይ ሳይሆን የጥራት ቁጥጥር ባልነበረው ጠቅላላ አሠራር ላይ አግኝቶታል።

የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያው ብዙውን ጊዜ ከስላይዱ ላይ የሚገኝ መሆኑ ነው። ከካንሰሩ ጋር አብሮ የሚቆረጠው ጤናማ የጡት ቱቦ በተፈጥሮው ተቀባይ ያላቸው ሕዋሳት አሉት። ካንሰሩም ጤናማውም ቱቦ ሁለቱም ነጭ ሆነው ከታዩ፣ የተገኘው መልስ «ተቀባይ የለም» አይደለም፤ «መለኪያው አልሠራም» ነው። ሁለቱን መልሶች አንድ አድርጎ መጻፍ፣ መርፌው የተሰበረበትን የግፊት መለኪያ አይቶ ቦይለሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ እንደ መፈረም ይቆጠራል።

የተገላቢጦሹም ስሕተት፣ ማለትም የሌለውን አለ ማለት፣ ታሪክ አለው። በ1996 በስቶክሆልም የያን ኦኬ ጉስታፍሰን ቡድን ሁለተኛ የኤስትሮጅን ተቀባይ አገኘ፤ ስሙም ቤታ ተባለ። ቤታ በጡት ካንሰር ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ ተመራማሪዎችን አደከመ። አንዱ ጥናት የካንሰርን እድገት ይገታል ሲል፣ ሌላው ያባብሳል አለ፤ ሦስተኛው አንዱንም አላገኘም። በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በዚህ ፕሮቲን ስም ይሠራባቸው የነበሩ 13 አንቲቦዲዎችን አንድ በአንድ ፈተሿቸው። ፕሮቲኑ እንዳለባቸው በተረጋገጡና እንደሌለባቸው በተረጋገጡ ሕዋሳት ላይ ሲሞከሩ፣ ቤታን ለይቶ የያዘው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚያ በአንዱ ሲታይ ደግሞ ቤታ በወንዴ ፍሬና በእንቁላል ማፍሪያ ውስጥ ሲገኝ፣ በጤናማውም ሆነ በታመመው ጡት ውስጥ አልታየም። ሃያ ዓመት የተሟገቱት ሊቃውንት፣ ቢያንስ በከፊል፣ የተሟገቱት በአንድ ስም ስለሚጠሩ ልዩ ልዩ ነገሮች ነበር። ምርመራው በተጀመረበት ዓመት ዜሮውን ለመፈተሽ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ነበር።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአፍሪቃ፣ በተለይም ከምዕራብ አፍሪቃ፣ ቀደም ሲል የወጡ በርካታ ዘገባዎች በአፍሪቃውያን ሴቶች ላይ የሚታየው የጡት ካንሰር በአብዛኛው ተቀባይ የሌለው ነው የሚል አስተያየት አሳድረው ነበር። አስተያየቱ ቀላል ውጤት የለውም፤ ተቀባይ ከሌለ ርካሹና በአፍ የሚዋጠው ታሞክሲፈን አይታዘዝምና። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ግን በአዲስ አበባ ከታከሙ 352 ሴቶች መካከል ተቀባይ የሌለባቸው 35 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘ። በዚያው ዓመት የወጣ የአፍሪቃን ጥናቶች ያሰባሰበ ምርመራም፣ ከመዝገብ ቤት ከወጡ አሮጌ ናሙናዎች ይልቅ ለጥናቱ ተብለው በጥንቃቄ በተሰበሰቡት ላይ ተቀባዩ በብዛት እንደሚገኝ አመለከተ። በሕዝቦች መካከል እውነተኛ ልዩነት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ከልዩነቱ አንዱ ክፍል የሴቶቹ ሳይሆን የፎርማሊኑ ነበር ማለት ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። መመሪያዎቹ ናሙናው ከአካል ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ፣ በዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ያዛሉ። ከላቦራቶሪው ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል የተወሰደ ናሙና በመኪና ተጭኖ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተወሰደውም እስከ ሰኞ ይቆያል። የአንቲቦዲው ብልቃጥ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ለስንት ሰዓት ቅዝቃዜውን እንደሚይዝ የሚያውቀው ግን መዝጋቢ ቴርሞሜትር የተከለ ብቻ ነው። ደግሞም ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ በክፍት ዕቃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች የተጻፈ የአሠራር ደንብ ሥጋው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ እንዲፈላ ቢል፣ በአዲስ አበባ እሳቱ ምንም ቢጨመር ውኃው ከዚያ አይደርስም። ባቄላው ሳይበስል እንደሚቆይ ሁሉ፣ የተሸፈነውም ተቀባይ ሳይገለጥ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው በየቤቱ የታወቀው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ነው፤ ወይም ማፍላቱን ማራዘምና ውጤቱን በታወቀ ናሙና መፈተሽ ነው።

የታወቀ ናሙና ለማዘጋጀት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተቀባይ በብዛት ያለበት፣ በጥቂቱ ያለበትና ምንም የሌለበት ሦስት ዓይነት ሥጋ በአንድ የሰም ጡብ ውስጥ ተይዞ፣ ከእርሱ የተቆረጠ ስስ ቅጠል ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሥጋ ጋር በአንድ ስላይድ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሦስቱ በየመልካቸው ካልቀለሙ የዕለቱ ውጤት አይፈረምም። ከዚህ የሚበልጠው ሥራ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ነው። ናሙናው ከአካል የወጣበት ሰዓትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት በዕቃው ላይ ካልተጻፉ፣ በላቦራቶሪው ያለው ሰው ስላይዱ ነጭ ሲሆንበት ምክንያቱን የሚፈልግበት ቦታ የለውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት፣ እርሳስና በወረቀቱ ላይ ሁለት ባዶ መስመር ነው።